በነብሩ አንገት ላይ ያለው ሳር

ፊልም በመድኃኒት ማጠብ ከቀረ ስንት ዘመኑ! እሷን ግን ዛሬም «አጣቢዋ» ነው የሚሏት። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ሸፍና፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ ትውላለች። እጇን የሚያረጥበው ነገር ቢኖር ያፈሰሰችው ሻይ ብቻ ነው። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ማን መልሶ ያስገባዋል?

ሥራዋ የእንስሳት ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ የሚል አይጠፋም። «ቀለሙን ማጥፋት እኮ ነው! አንድ ቁልፍ መጫን ነው!» የሚል ደንበኛ ሲመጣባት አትከራከርም፤ ወንበሯን ትለቅለትና «እንግዲያው ይጫኑዋ» ትለዋለች። ደንበኛው ይጫናል። አረንጓዴ መስክ ላይ ደረቱን ነፍቶ የቆመው ቀይ አውራ ዶሮ ከመስኩ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ድራሹ ይጠፋል።

«ዶሮዬስ?»

«እኔ ምን አውቄ? የጫኑት እርስዎ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንስሳ የተፈጠረው ሊደበቅ ነው፤ የሚያሳብቅበት ቀለሙ ብቻ ነው። ቀለሙን ሲገፉት ተመልሶ ይደበቃል። ጥቁር ውሻ ጥቁር ሶፋ ላይ ተኝቶ ሁለት ዓይን ብቻ ይቀራል። ነጭ ፍየል ከነጭ ግድግዳ ጋር ተደባልቃ ጥላዋ ብቻዋን ትቆማለች። «የሜዳ አህያ ለሰነፍ የተሰጠ እንስሳ ነው፤ ተለውጦ ነው የመጣው» ትላለች አጣቢዋ። ለሌላው ሁሉ መላ ያስፈልጋል። ፎቶው ግራጫ ቢሆንም ኮምፒውተሩ የትኛው ግራጫ ከየትኛው ቀለም እንደመጣ አይረሳም፤ በስክሪኑ ጎን ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያሉ የተደረደሩ መቆጣጠሪያዎች አሉ። ቀዩን ከፍ ካደረጉት ዶሮው ነጣ ብሎ ከመስኩ ይወጣል፤ ዝቅ ካደረጉት ጠቆር ብሎ ይወጣል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሳርና ቅጠል ላይ ነው። ሳር ለዓይን አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ውስጡ ቢጫ ነው። ጀማሪው የአረንጓዴውን መቆጣጠሪያ ወዲያ ወዲህ ሲጎትት ይውላል፣ ሜዳው እምብዛም አይነቃነቅለትም። አጣቢዋ ቢጫውን ነካ ስታደርገው ግን ጫካው በሙሉ መብራት እንደመጣለት ቤት ቦግ ይላል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አባቷ «ባለነብሩ» ይባላሉ። ነብር የላቸውም፤ ያላቸው የነብር ፎቶ ነው። ወጣት ነብር ነው፤ ከቅጠል መሃል እስከ ደረቱ ወጥቶ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ተመልካቹን ዓይን ለዓይን ያየዋል። አንገቱ ላይ አንዲት ረጅም ሳር ተጋድማበታለች። ስንቱ ሰው «ሳሯን እዩዋት እስቲ፣ ሳሯን! ይህን ያህል ቀርበውታል!» እያለ አድንቋል። ያ ፎቶ ያልተሰቀለበት መሥሪያ ቤት፣ ያልታተመበት የቀን መቁጠሪያ የለም። ባለነብሩ የሰው ቤት ሲገቡ ነብሩ ቀድሟቸው ገብቶ ግድግዳ ላይ ይጠብቃቸዋል።

ከፎቶው ሌላ አንድ ንግግርም አላቸው። «እንስሳ አስሮ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ተኩሶ ከሚገድለው ይብሳል፤ አዳኝ ቢያንስ አይዋሽም» ብለዋል፣ በፎቶ አንሺዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደቡ። ማኅበሩ በትልልቅ ፊደል አስጽፎ ከአዳራሹ በር በላይ ሰቅሎታል። የተናገሩት ደግሞ እንዲያው ለአየር አልነበረም፤ ሰው ላይ ነው። ጉንዳን ላይ።

ጉንዳን የባለነብሩ ረዳት ነበር። ከራሱ የሚበልጥ ዕቃ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላቸው ስለሚሄድ ነው ይህ ስም የወጣለት። የአጣቢዋ እጮኛም እሱ ነበር። ቀለበት አድርገው፣ ቤት ሲፈልጉ፣ ስለ መጋረጃ ቀለም እንኳ ተጣልተው ታርቀዋል። ታዲያ አንድ ቀን ጉንዳን የራሱን ፎቶ ለማኅበሩ ውድድር አቀረበ፤ አንዲት ቀበሮ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቁጭ ብላ። ዳኞቹ በማጉያ መነጽር ሲያዩ የኋላ እግሯ ላይ ቀጭን የናይለን ክር ተገኘ። ከዳኞቹ ዋናው ማን ነበሩ? ባለነብሩ። ያን ንግግር ያደረጉት ያን ዕለት ነው። ጉንዳን ከማኅበሩ ተባረረ፤ ከዚያ ወዲያ ካሜራ ይዞ ጫካ ሲገባ ያየው የለም። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ጥግ ባለች ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ ያነሳል። «አገጭዎን ቀና፣ ትከሻዎን ዝቅ» ሲል ይውላል።

አጣቢዋስ ያኔ ምን አደረገች? ቀለበቷን አውልቃ የግቢው በር ላይ ሰጠችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት።

«ከውሸታም የምሰማው የለኝም» አለችው። «እኔ በዚህ ምድር ላይ የማልጠራጠረው አባቴን ብቻ ነው። አንተ እሱን አዋረድከው!»

ጉንዳን አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው፤ ሄደ። እሷ ከዚያ በኋላ አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ የመጣውን ሁሉ በአባቷ ሚዛን እየሰቀለች ማንም አልሞላ ብሏት ነው።

እንዲህ ሲኖሩ የባለነብሩ ዓይን ሞራ ለበሰ። ሐኪሞቹ ከሞራውም በስተጀርባ ያለው ነገር ስለደከመ ቀዶ ጥገና ብዙም አይረዳቸውም አሉ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ የሰው ቁመና ይለያሉ፣ ቀለም ግን ድሮ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን አርፎ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን የዕድሜ ልክ ሥራዬ በመጽሐፍ ይታተም፣ በኤግዚቢሽንም ይታይ፣ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ይሁን አሉ። «ቀለም ለእኔ ካለቀ ለሁሉም ይለቅ» አሉ እየሳቁ። ቀልድ አስመሰሉት እንጂ ከልባቸው ነበር።

ለዋጭዋ ማን ትሆናለች? ሌላ ማን አለ!

እሷም በደስታ ነው የገባችበት። የአባቷን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያወጣች፣ ጭቃ የለበሰውን ዝሆን ከጭቃው እየለየች፣ ጎሹን ከራሱ ጥላ እያላቀቀች ሰነበተች። ማታ ቤት ስትገባ ታወራላቸዋለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው «አዎ፣ ያ ቀን ነፋስ ነበር» ይላሉ። በሕይወቷ ከአባቷ ጋር እንዲህ ተቀራርባ አታውቅም። ነብሩን ግን ለመጨረሻ አስቀመጠችው፤ እንደ ልጅ ጣፋጩን ለኋላ ብላ።

ነብር የጥቁርና ነጭ ጠላት ነው። ቆዳው ወርቅማ፣ ነጠብጣቡ ጥቁር፣ ከኋላው ቅጠልና የቅጠል ጥላ። ቀለሙ ሲጠፋ ወርቁና ቅጠሉ አንድ ግራጫ፣ ነጠብጣቡና ጥላው አንድ ጥቁር ይሆናሉ፤ እንስሳው ፊት ለፊት ቆሞ የለም። አጣቢዋ መጀመሪያ እንደ ልማዷ ቆዳውን አነጣች፣ ጫካውን አጠቆረች። ነብሩ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እሰይ ብሎ ይጨርስ ነበር። እሷ ግን አባቷ ትዝ አሏት። እሳቸው አሁን የሚታያቸው ብርሃን መሃል የቆመ ጥላ ብቻ ነው፤ ጥቁር ጫካ ቢሰጧቸው ጨለማ ሰጧቸው ማለት ነው። ነብራቸውን አንድ ጊዜ እንኳ በደንብ ይዩት ብላ ነገሩን ገለበጠችው። ብርቱካናማውን ዝቅ፣ ቢጫውን ከፍ።

ቅጠሉ ሁሉ ነጣ። ሳሩ ሁሉ ነጣ። አንዲት ሳር ብቻ እምቢ አለች።

ያቺ ሰው ሁሉ ያደነቃት ሳር ጥቁር ሆና ቀረች። ነጣ ባለው ጉሮሮው ላይ ዞራ፣ በበራው ቅጠል መሃል ወርዳ፣ ከፎቶው ጥግ ካለው ግንድ ሥር ትገባለች። በባለቀለሙ ፎቶ ላይ ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ ስለምትጠፋ ይህን ያህል ረጅም መሆኗን ማንም አያውቅም ነበር።

ነብሩ የተነሳበት የድሮ ፊልም ላይ ፀጉር አርፎበት ይሆናል አለች። አውጥታ በብሩሽ ጠረገችው፣ እንደገና ስካን አደረገችው፤ ያው ናት። ከዚያ የአረንጓዴውን መቆጣጠሪያ፣ ያን ጀማሪዎች በከንቱ የሚጎትቱትን፣ ወዲያ ወዲህ አለችው። ጫካው ዝም አለ። መስመሯ ብቻዋን ነጣች፣ ጠቆረች፣ ነጣች። እንግዲህ ሳር አይደለችም ማለት ነው፤ ሳር እንዲህ ያለ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ የለውም። አጉልታ አየች። ጆሮው ሥር ቋጠሮ አለ።

ገመድ ነው። ሳር እንዲመስል ቀለም የተቀባ ገመድ! የቀባው ሰው ለሰው ዓይን ነው የቀባው፤ ቀለሙ አንድ ቀን እንደሚገፈፍ፣ ሳርም ውስጡ ቢጫ እንደሆነ አላወቀም። ይህን ቀለም የት ነው የማውቀው ብላ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። ጠዋትና ማታ በእጇ የምትገፋው የግቢያቸው በር ነው።

ቤት ስትደርስ የአባቷ ታላቅ እህት ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። እኚህ አክስቷ አፋቸው አያርፍም፤ ቤቱ ውስጥ ባለነብሩን የማይፈራ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«አክስቴ፣ ይህን በር ማን ነው የቀባው?»

«ማን ይሆናል፣ አባትሽ ነዋ! ቀባ ካልሽው። ውጪውን ቀብቶ ውስጡን ከነዝገቱ ተወው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ‹በሬን ጨርስልኝ› እንዳለችው ነው። ቀሪውን ቀለም ከነጣሳው ተሸክሞ ጫካ ገባ እኮ! ዛፍ ሊቀባ ነው እንዴ ብለን ስንስቅ ከረምን።»

«መቼ ነበር?»

«ነብሩን ያነሳ ጊዜ ነዋ። ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ባለነብሩ በረንዳው ላይ ወንበራቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀምጠዋል። አጣቢዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ ነብሩ አንገት ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ሳር ነው» አሉ። ቅንጣት አልዘገዩም።

«ሳር ቢጫ ነው አባዬ። ይሄ የበራችን ቀለም ነው።»

ባለነብሩ የወንበሩን እጀታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢቆጧት፣ ደፋር ብለው ቢሰድቧት ምን ያህል ደስ ባላት።

«ማን አየው?» አሉ።

«እኔ።»

«አንቺ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለ? አጥፊያታ። ላንቺ ምን አላት፣ መልሰሽ ሳር አድርጊያት።»

አጣቢዋ ቦርሳዋን አውርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነብሩ ከየት እንደመጣ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። አንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ ጡጦ ጠጥቶ ያደገ ነው፤ ጫካ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ስንት ወር እዚያ እርጥበት ውስጥ ተኝቼ የነብር ኮቴ እንኳ አላየሁም» አሉ ባለነብሩ። «አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ወደደው፣ ሰቀለው፣ በእሱ ጠራኝ። ምን ልበል? የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም።»

«ጉንዳንስ?»

ይህ ስም በዚያ ቤት ከተጠራ ዘመን አልፎታል። አክስቷ ልብሱን እንደታቀፉ ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

«እሱ ሰነፍ ነው» አሉ ባለነብሩ። «ክሩን እንኳ አልቀባውም።»

«ውይ! አፈር በሆንኩ!» አሉ አክስቷ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ አስተምረኸው፣ አንተው አባረርከው?»

«ያን ቀን እኔ ባልጮህ ከማን ተማረው ብለው ይጠይቁ ነበር። ጠይቀው ጠይቀው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጡ ነበር።» ከዚያ ልጃቸው ወዳለችበት ፊታቸውን አዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ነገ ሟች ነኝ። ከስሜ በቀር የማወርስሽ የለኝም። በገዛ እጅሽ አታርክሺው።»

አጣቢዋ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ያለቀሰችው ለገመዱ አልነበረም፤ ሰው ስህተት ይሠራል። በዚያ ሚዛን ስትሰቅል ለኖረችው ለራሷ ዕድሜ ነው ያለቀሰችው። ቀለበቱን በር ላይ ስትሰጥ የነካችው ብረት ያው አረንጓዴ በር ነበር፤ ከውጭ የተቀባ፣ ከውስጥ የዛገ። ያኔ እንኳ በጀርባዋ ተደግፋው ነበር።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ገብታ ነብሩን ከፈተች። አባቷ እንዳሉት ለእሷ ምንም አልነበረም፤ አረንጓዴውን ትንሽ ከፍ ስታደርገው መስመሯ ከነጣው ቅጠል ጋር ተቀላቅላ ጠፋች። ከተማ የሚያህል ውሸት በአንድ ጣት! አንዴ አጠፋቻት፣ አንዴ መለሰቻት። ከዚያ እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው፤ መስመሯ እንደ ከሰል ጠቆረች። ለማተሚያ ቤቱ ልካ እንደዚያው አትሙት አለች።

ሐሳቧ ይህ ነበር። መጮህ አይጠበቅባትም፤ አባቷን በአደባባይ ማዋረድም አያሻትም። ፎቶው ራሱ ይናገራል። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በማኅበሩ አዳራሽ ነው፤ የቀበሮ እግር ላይ ቀጭን ክር ያገኙ እነዚያው ዳኞች ይመጣሉ፤ ጣት የሚያህል ገመድ እንዴት ያመልጣቸዋል? አይተው ይጠይቃሉ፣ ጠይቀው ይደርሱበታል፣ የጉንዳንም ስም ይነሳል። አክስቷን ሂጂና እሱንም ጥሪልኝ አለቻቸው። «እሄዳለሁ! በእግሬ እሄዳለሁ!» አሉ አክስቷ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይሄ ነው።» ባለነብሩ ደግሞ የታተመው ፎቶ ሲመጣላቸው በመዳፋቸው እየዳሰሱ «አጠፋሻት?» ብለው ጠየቁ። «ሥራዬን አውቃለሁ አባዬ» አለቻቸው።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባለነብሩ በአዲስ ሸሚዝ መሃል ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ነብሩ ከሰው ቁመት በልጦ ዋናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አጣቢዋ ከጎኑ ቆመች። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ያኔ ማጉያውን የያዘው ሰው፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ። አሁን አገኘው አለች።

«ድንቅ ነው!» አለ። «ይህቺን ጥቁር መስመር እዩዋትማ! ዓይንን ከግንዱ ይዛ ነብሩ ፊት ላይ ታደርሰዋለች።»

«የጥላ ነገር እኮ እሳቸውን ማን ይችላቸዋል» አለ ሌላው።

«እሷ ባትኖር ፎቶው ይፈርስ ነበር» አለች አንዲት ሠዓሊ።

እውነቷን ነው፤ እሷ ባትኖር ነብሩም አይቆምም ነበር። እንግዲህ እነዚህ ናቸው የቀበሮዋን ክር ያገኙት! ምነው ቢሉ፣ ያን ቀን ሌባ ሊፈልጉ ነበር የመጡት፣ ዛሬ ሊያደንቁ መጡ፤ ዓይን የሚያየው ሊያይ የመጣውን ነው። ጥቁር መስመር፣ ጥቁር መስመር የሚለው ቃል ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ከባለነብሩ ጆሮ ደረሰ። በእጃቸው ጠሯት፤ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ጆሮዋን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ምን አደረግሽ?»

«ሳር ነው አባዬ» አለቻቸው።

ባለነብሩ ለቀቋትና የወንበራቸውን እጀታ ጨበጡ። ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አላፈረችም።

ጉንዳን ከሚስቱ ጋር ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ኮቱ ንጹሕ ነው። ሚስቱ ዝሆኑ ጋ ስትቆም እሱ ቀጥ ብሎ ነብሩ ፊት ሄደ። አጣቢዋ ተጠጋችው፤ ለሰላምታ እጇን ትዘርጋ አትዘርጋ ጠፋባት።

«አየኸው?» አለች።

«የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ላላየው?» አለ ዓይኑን ከፎቶው ሳይነቅል። «እሳቸው ቀቡ፣ እኔ አሰርኩ። ሲጨርሱ ፈታሁትና ሂድ አልኩት። የት ይሂድ? ጡጦ የለመደ! መጥቶ መኪናው ሥር ተኛ።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። ከአባቴ ሌላ የማልጠራጠረው የለም አልሽ። እሳቸውንም ከወሰድኩብሽ ምን ይቀርሻል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ይኸው አሁን ወጣ» አለች፤ «ሁሉም እያየው ነው።»

«ማን አየው?» አለ ጉንዳን። ዘወር ብሎ አዳራሹን ቃኘ። «ፎቶ ምን አፍ አለው? እኔ ብናገር የተባረረ ሰው ቂም ነው ይሉኛል። ያነሱት አባትሽ ናቸው፣ የለወጥሽው አንቺ ነሽ። አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

አልተቆጣም፤ አልለመናትምም። በዚህ መሃል ሚስቱ መጣች፤ ደማቅ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የአጣቢዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ስለ አባትሽ ሥራ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እሱ እኮ አንድ ቀን ክፉ አንስቷቸው አያውቅም።» ከዚያ ወደ ነብሩ ቀና አለች፤ ጣቷን ቀሰረች። «ይቺ ጥቁሯ ግን ምንድን ናት?»

ድምፅዋ ጮክ ያለ ነው። ሰብሳቢው ዘወር አለ፤ ሠዓሊዋም፣ አጠገባቸው የቆሙትም። ሁሉም ፈገግ ብለው የአጣቢዋን መልስ ጠበቁ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰው ለምኖም አያገኘው። ባለነብሩም ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፤ ቦታ ስተው ባዶ ግድግዳ ላይ አፈጠጡ። የአዲሱ ሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ያለ ቀዳዳው ገብቶ ኮሌታቸው ወደ ጎን ተንጋዷል። ጠዋት የቆለፈችላቸው እሷ ናት፤ ተናዳ ስለነበር አላስተዋለችም።

ገመድ ነው። ሁለት ቃል ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች።

«ሳር ነው» አለች አጣቢዋ።

«እኔስ ምን ብያለሁ!» አለ ሰብሳቢው፤ ሰዎቹ ሳቁና ወደየፎቶው ተበተኑ። ጉንዳን አፉን ከፈተ፤ እንደዚያ ቀን። እንደዚያ ቀን መልሶ ገጠመው። «እንሂድ በቃ» ብሎ የሚስቱን ክንድ ያዘ፤ በትልልቅ ፊደል ከተጻፈው ንግግር ሥር አልፈው ወጡ።

አጣቢዋ ሄዳ አባቷ ፊት በርከክ አለች። ቁልፉን ፈትታ በቀዳዳው አስገባች።

«ሄደ?» አሉ ባለነብሩ። ድምፁን አውቀውት ኖሯል።

«ሄደ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ባለነብሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጇን በዳበሳ ፈልገው አገኙና መታ መታ አደረጉት።

«ድሮም ጨዋ ልጅ ነበር» አሉ።